ጭልፋና ፊሽካ

የተማሪ ምገባ ባለበት ትምህርት ቤት ከምሳው ሰልፍ ጫፍ ላይ የቆሙት ልጆች ጋ ሲደረስ ድስቱ ባዶ ከሆነ፣ ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው መጋዘኑን ነው። ዱቄት ወጥቷል፣ ዘይት ተሽጧል ይባላል። አንዳንዴ እውነት ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን ጭልፋውን ማየት ይገባል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ለ400 ልጅ ሽሮ ወጥ ሲሠራ ለአንድ ልጅ 30 ግራም ሽሮ ይታሰባል፤ በድምሩ 12 ኪሎ። አንድ ኪሎ ሽሮ ስድስት ሊትር ያህል ውሃ ይወስዳል፤ ዱቄቱ የሚጨምረውን እንፋሎቱ ስለሚቀንሰው 72 ሊትር ገደማ ወጥ ይወጣል። 180 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጭልፋ ለ400ው ልክ ይደርሳል። ጭልፋው ሞልቶ እየፈሰሰ 210 ከሆነ ግን ድስቱ 342ኛው ልጅ ላይ ያልቃል። 58 ልጆች ደረቅ እንጀራ ይዘው ይቀመጣሉ። መጋቢዋ እናት ክፋት የለባትም፤ ቀጭን ልጅ ፊቷ ሲቆም እጇ ይዘረጋል። የሚያስከፍለው ግን ከኋላ የቆመውን፣ ብዙውን ጊዜ ተጋፍቶ መሰለፍ የማይችለውን ትንሹን ልጅ ነው።

ስለዚህ ጭልፋ በዓይን አይመረጥም። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ይሞላና ወደ ጭልፋው ይቀዳል። ሦስት ጊዜ ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ጭልፋው ልክ ነው ማለት ነው። በዕለቱ የሚያድሉት እናቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ጭልፋ ይያዙ፤ አንዷ በሲኒ፣ ሌላዋ በማንኪያ ከሆነ ሒሳቡ እዚያው ፈረሰ። ሲታደል አንድ ሰው ድስቱን በማማሰያ ያለማቋረጥ ያማስል፤ ሽሮ ከታች ስለሚወፍር ካልተማሰለ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ውሃውን ጠጥተው የመጨረሻዎቹ ጓጓላውን ይበላሉ። ጓጓላው የሚጀምረው ደግሞ ዱቄቱ በቀጥታ የፈላ ውሃ ላይ ሲበተን ነው። ዱቄቱ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጥበጥ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ቁሌቱ ውስጥ ይግባ።

አንድ ምሳ ለአንድ ልጅ 120 ግራም ደረቅ እህል፣ 30 ግራም ጥራጥሬና 10 ግራም ዘይት ካለው ወደ 600 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ ይህም ለአሥር ዓመት ልጅ ከቀን ፍላጎቱ ሲሶ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በከተማው በጀት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ታበላለች፤ በገጠር ደግሞ በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ የሚደረገው ምገባ የጀመረው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። በሁለቱም ቦታ ተሰፍሮ ከመጋዘን የሚወጣውና ልጁ ሳህን ላይ የሚደርሰው አንድ እንዲሆን ሚዛን ያስፈልጋል። ሚዛኑ የሚቀመጠውም ግምጃ ቤቱ በር ላይ ሳይሆን ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው። ዘይት በሊትር ስለሚለካ ይሳሳታል፦ 4 ኪሎ ዘይት 4.4 ሊትር ያህል ነው። ዘይቱን መቆጠብ የሚመስል አሠራር አለ፤ ግማሹን አስቀርቶ ለነገ ማዋል። ጎመንና ካሮት ውስጥ ያለው የቫይታሚን ኤ መነሻ ግን ያለ ዘይት በደንብ አይወሰድም፤ ዘይቱ ሲቀንስ አትክልቱም ዋጋውን ያጣል።

ጥራጥሬው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ የሚበላሸው እዚህ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከቆላ የመጣ የማብሰያ ሰዓት እዚህ አይሠራም፤ ባቄላና ቦሎቄ ሳይዘፈዘፉ ከተጣዱ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ገና አልበሰሉም። ቦሎቄ ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። ጥሬው ወይም ግማሽ የበሰለው የሚያስታውክና የሚያስቀምጥ መርዝ አለው፤ በቀስታ እሳት ለብ እያለ የቆየ ቦሎቄ ከጥሬው ሊብስ ይችላል። ማታ ይዘፈዘፍ፣ ጠዋት የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ እየተንተከተከ ይፍላ፣ ከዚያ በኋላ እሳቱ ቀንሶ እስኪለሰልስ ይቆይ። ቶሎ እንዲበስል ሶዳ መጨመር የተለመደ ነው፤ ሶዳው ግን ቫይታሚን ቢ አንድን ስለሚያጠፋ መዘፍዘፉ ይሻላል።

ሽሮን ተፈጭቶ መግዛት ሌላው አደጋ ነው። ዱቄት ውስጥ ጓያ ቢኖር ማንም በዓይን አይለየውም። ጓያ ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ሲሆን እግር ሽባ እንደሚያደርግ ወሎና ጎጃም ያለ አርሶ አደር ሳይነገረው ያውቃል። ሽምብራውንና አተሩን በፍሬ ገዝቶ፣ አስለቅሞ ማስፈጨት ነው መፍትሔው። የጓያ ፍሬ ማዕዘን ያለው፣ በመጥረቢያ የተጠረበ የሚመስል ነው፤ በሰፌድ ላይ ከአተር ክብ ፍሬ መካከል ቶሎ ይታያል።

ቁርስ ላይ ዳቦ በሻይ ለልጅም ለአብሳይም ቀላል ነው። ሻይ ግን ከእህሉ የሚገኘውን ብረት ሆድ ውስጥ አስሮ ያስቀረዋል፤ ደም ማነስ ላለባት ሴት ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቅንጬ ወይም ፍርፍር በውሃ ይቅረብ፤ ሻይ ካስፈለገ ምግቡ ካለቀ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሁን። በምሳ ላይ የቲማቲም ቁራጭ፣ ቃሪያ ወይም ጎመኑ ላይ የተጨመቀ ሎሚ ብረቱ እንዲወሰድ ያግዛል። በርበሬ ለታናናሾቹ ይቀነስ፤ የአንደኛ ክፍል ልጅ የሚያቃጥለውን ወጥ ትቶ እንጀራውን ብቻ ይበላል፣ ሳህኑ ላይ የቀረው ወጥም የጠገበ ያስመስለዋል። አዮዲን ያለው ጨው ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ የሚገባውም ድስቱ ሊወርድ ሲል ነው፤ ረጅም ፍላት አዮዲኑን ይቀንሰዋል።

እንቁላል በሳምንት ሁለት ቀን ከተቻለ ሰኞ፣ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይሁን። ረቡዕና ዓርብ፣ በ55 ቀኑ ሁዳዴም የጾም ምግብ ብቻ ይሠራል፤ በእነዚያ ቀናት ምስሩ ከ30 ወደ 40 ግራም ከፍ ይላል። የፍስክና የጾም ድስት ይለይ። ወላጅ አንድ ጊዜ እምነቱን ካጣ ልጁን «አትብላ» ብሎ ነው የሚልከው። ሥጋን ከምናሌው ማውጣት ይሻላል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጅ ከአንድ ድስት የሚበሉት ያኔ ነው።

ወጡ ስድስት ሰዓት ላይ ሊበላ አራት ሰዓት ላይ ተሠርቶ መቀመጥ የለበትም። ከ60 ዲግሪ በታች ሁለት ሰዓት የቆየ ምግብ፣ በተለይ ሩዝ፣ ሆድ ያማል። የተረፈው ለነገ አይቀመጥም፤ ማቀዝቀዣ ያላቸው ወጥ ቤቶች ጥቂት ናቸው።

እጅ መታጠብም የሰዓት ጉዳይ ነው። 400 ልጅ፣ አሥር ቧንቧ፣ ለአንዱ 30 ሰከንድ፦ ሃያ ደቂቃ። የቁርስ ሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ከሆነ የሚበላበት አሥር ደቂቃ ቀረ፤ ያኔ መምህሩ «ግቡ፣ ግቡ» ይላል፣ እጅ መታጠቡም ይቀራል። ስድስት ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ ከሮቶ ጋር አያይዞ በሁለቱም ጎን በየ40 ሴንቲ ሜትሩ መክፈቻ ቢደረግበት ሠላሳ ልጅ ባንድ ጊዜ ይታጠባል፤ ሃያው ደቂቃ ወደ ሰባት ይወርዳል። ሳሙናው በመረብ ከረጢት ከቱቦው ላይ ይታሰር፤ መሬት ላይ የተቀመጠ ሳሙና እስከ ማግስቱ አይቆይም።

የስፖርቱም ክፍለ ጊዜ የሚባክነው በሰልፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ደግሞ አጥንትና ጡንቻ የሚያጠነክር። ትምህርት ቤቱ ያለው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ነው። 60 ተማሪና አንድ ኳስ ሲሆን፣ ኳሱ በተራ ቢዳረስ ለአንዱ 40 ሰከንድ ይደርሰዋል። የቀረውን 39 ደቂቃ ቆሞ ያያል። ሴቶቹማ ብዙ ጊዜ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሌላውን ደብተር ይጠብቃሉ።

ሜዳው በአራት ማዕዘን ይከፈል፤ በአንዱ ማዕዘን 15 ልጅ። አንደኛው ገመድ ዝላይ ነው፦ ሁለት ሜትር ተኩል ገመድ ለአንድ ልጅ፣ ስድስት ሜትሩ ደግሞ ለአምስት ይሆናል። ሁለተኛው በአመድ የተሠመረ ሦስት ሰኞ ማክሰኞ ነው፤ አንድ ብቻ ከሆነ እንደገና ሰልፍ ይመጣል። ሦስተኛው የጨርቅ ኳስ ቅብብል በሦስት በሦስት፤ አራተኛው በ15 ሜትር ልዩነት በተሠመሩ ሁለት መስመሮች መካከል ምልልስ ሩጫ። አምስት ደቂቃ ሰውነት ማሟሟቂያ፣ ከዚያ በየሰባት ደቂቃው ፊሽካ ተነፍቶ ቦታ መቀያየር። በዚህ አሠራር አንድ ልጅ ከ40ው ደቂቃ ሠላሳ ያህሉን ይንቀሳቀሳል። ዝላዩ ቀላል ጨዋታ ይመስላል እንጂ አጥንት የሚያጠነክረው እሱ ነው። ሱዚ የሚጫወቱ ልጃገረዶች ከመምህሩ ሳይማሩ ይህን ሲሠሩት ኖረዋል፤ ላስቲኩን መንጠቅ ሳይሆን ማዕዘን መስጠት ነው የሚገባው። ከቀሚሱ ሥር ወይም በቀሚሱ ፈንታ ሱሪ መፍቀድ ብዙዎቹን ከጥላው ሥር ያስነሳቸዋል።

የስፖርት ክፍለ ጊዜ ከቁርስ በፊትም ከምሳ ቀጥሎም አይደረግ። ባዶ ሆዱን የሮጠ ልጅ ያዞረዋል፤ በልቶ ወዲያው የሮጠ ያስመልሰዋል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ክፍለ ጊዜ ይመቻል። በሁዳዴና በረመዳን ለሚጾሙት ሩጫው በቀላል የሰውነት ማሳሳቢያ እንቅስቃሴ ይተካ፤ ልጁ እንዲናገር ሳይጠበቅ። ሩጫን ቅጣት ማድረግ ደግሞ ፈጽሞ መቅረት አለበት። «ሜዳውን አሥር ዙር» የተባለ ልጅ ዕድሜ ልኩን ሩጫን ከጥፋት ጋር ያስባል። ፈተና ሲቃረብ ክፍለ ጊዜውን ለሒሳብ መስጠትም ያው ነው፦ መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ይባላል፣ ከዚያ ሳይመለስ ይቀራል።

የጨርቅ ኳሱን ልጆቹ ራሳቸው ይሠሩታል። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ፌስታል ተጨፍልቆ ይገባል፤ ፌስታሉ እንዲነጥር ያደርገዋል፣ ጨርቅ ብቻ ከሆነ ይሞታል። በላዩ ላይ ጨርቅ እየተጠቀለለ የሁለት ጡጫ ያህል ሲሆን በሲባጎ መስቀለኛ ይታሰራል። ለ15 ልጅ አምስት ኳስ ይበቃል። በክረምቱ መጨረሻ ሜዳው ሲረጥብ ኳሱ ውሃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ጣትም ይጎዳል። ማታ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ የምድጃው ሙቀት እስከ ጠዋት ያደርቀዋል።