ግንቡን ወደ ኋላ፣ ቤቱን ወደ ፊት

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የፋሲልን ግንብ ሥዬ ሸጫለሁ። አራቱን ክብ ማማዎች ከነእንቁላል መሳይ ጉልላታቸው፣ በመስኮቱ ቅስት ዙሪያ የገባውን ቀላ ያለ ድንጋይ፣ እጄ ሳላየው ያውቀዋል። ጎብኚ የሚገዛው እሱን ስለሆነ ሸራውን በሙሉ ለእሱ እሰጠው ነበር።

ባለፈው ክረምት መብራት ጠፍቶ፣ ዝናቡም አላስወጣ ብሎኝ፣ ስልኬ ላይ የነበረ አንድ ሥዕል ስመለከት አመሸሁ። ሠዓሊው ሪቻርድ ዊልሰን የዌልስ ሰው ነው። ዊንስቴይ በሚባል ትልቅ ግቢ የሚኖር ሰር ዋትኪን ዊልያምስ ዊን የተባለ ባላባት አካባቢውን ሥልልኝ ብሎት፣ እ.ኤ.አ. በ1770 እና 71 ሁለት ሸራ ሠራለት። አንደኛው ላይ ዲናስ ብራን የተባለ የ13ኛው መቶ ዘመን ፍርስራሽ ግንብ አለ። ግን ከኮረብታው ጫፍ ላይ ነው፤ ትንሽ፣ ከሰማዩ ጋር ሊጠፋ የደረሰ። ከፊት ያሉት ከትልቅ ግንድ ጋር የሚታገሉ የጉልበት ሠራተኞች ናቸው። የሚከፍለው ባላባት ሆኖ ሳለ ዊልሰን የሥዕሉን ፊት የሰጠው ለሠራተኞቹ ነው። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

ዓመቱም ገረመኝ። በዚያው በ1770 ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር ገብቶ ነበር። አብሮት የመጣው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ኮሶን ጨምሮ የአገራችንን ዕፅዋት ሲሥል ቆይቶ እዚሁ ጎንደር ሞተ። የእሱ የዕፅዋት ሥዕሎችና የዊልሰን ሁለቱ ሸራዎች ዛሬ በአንድ ቤት ናቸው፤ አሜሪካ፣ የል ዩኒቨርሲቲ ባለው የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል።

መስከረም ሲጠባ ሸራዬን ይዤ ወደ ቁስቋም ወጣሁ። እዚያ የአንዲት እናት ቤት አለ፤ ድንጋይና ጭቃ፣ ቆርቆሮው የዛገ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ፈርሶ በብሎኬት ሲሠራ እሱ ብቻ የቀረ። ግንቡን ከጣሪያው በላይ በስተቀኝ፣ የአውራ ጣት ጥፍር አሳክዬ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሦስት ቀን ግድግዳው ላይ ዋልኩ። ከሥር ዝናብ የረጨው ቀይ አፈር ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። ከበሩ መቃን ላይ፣ በወገብ ከፍታ፣ አንድ የጠቆረ ቦታ አለ፤ እማማ ደረጃውን ሲወጡ የሚደገፉት እዚያ ነው። ለዚያች መዳፍ ለምታህል ጥቁረት ቀለም ሳዋህድ ግማሽ ቀን ሄደ። ከግንቡ ሁሉ በልጣብኛለች።

እማማ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ጌሾዬስ?» አሉኝ።

ጌሾው ካቻምና ተቆርጧል፤ ጉቶው ብቻ ነው ያለው። ዊልሰንም ስኖውደን የተባለውን ተራራ ሲሥል ግራና ቀኙ እንዲመዛዘንለት መልክዓ ምድሩን አስተካክሎታል። እኔ ለማሳመር ብዬ ድንጋይ ከቦታው አላነሣም። ጌሾው ግን ሌላ ነው። ቅጠሉን ሸምጥጠው ለበዓሉ ሁሉ ጠላ የጠመቁበት ነው፤ ያለ እሱ ቤቱ የእሳቸው አይሆንም። ሣልኩት።

ቀና ብለው አዩት። «ዝቅ ያለ ነበር» አሉ፣ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ትይዩ አንሥተው። «ቁጭ ብዬ ነበር የምሸመጥጠው።»

በነጋታው ዝቅ አደረግሁት።