በ5ኛው ደቂቃ የሚቋረጠው ስልክ

በፈረንጆቹ 2013 ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሞባይል እጠግን ነበር። አንድ ወጣት የእናቱን ስልክ ይዞ መጣ። «አገር ቤት ስትደውል ይቋረጥባታል» አለኝ። ብዙም ሳልጠይቅ ባትሪውን ቀየርኩና 25 ዶላር ተቀበልኩ።

በማግስቱ እናቱን ይዞ ተመለሰ። አሁንም ይቋረጣል። እዚያው ሱቅ ውስጥ እንዲደውሉ አድርጌ ሰዓት ያዝኩ። ልክ 5 ደቂቃ ሲሞላ ጭጭ! ደገምነው። ያው 5 ደቂቃ። ብልሽት እንዲህ ቀጠሮ አያከብርም። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ያኔ ጠየቅኩ፤ «ለመሆኑ የምትደውሉት የት ነው?»

ታሌያ ዴ ካስትሮ ነው አሉኝ። ሜክሲኮ ውስጥ፣ ኦሃካ ተራሮች ላይ ያለ የሳፖቴክ ሕዝብ መንደር። እናትየው እንደገና ደውለው እህታቸውን ጠየቁ፤ ልጁ አስተረጎመልኝ። የመንደሩ ሰው 2,500 ገደማ ነው። ትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች ሕዝቡ ያንሳል ብለው አልመጡም። መንደሩ ሪዞማቲካ ከሚባል ድርጅት ጋር ተባብሮ የራሱን አንቴና ተከለ። ያኔ በወር 15 ፔሶ ይከፍሉ ነበር። ኔትወርኩ ግን በአንድ ጊዜ ከ11 ጥሪ በላይ አይችልም ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ ተሰብስቦ መከረና አንድ ጥሪ ከ5 ደቂቃ እንዳይበልጥ ወሰነ። ለሁሉም እንዲዳረስ።

ዝም አልኩ። እኔ ባደግኩበት ገጠር ስልክ ለመነጋገር «ቅዳሜ በ4 ሰዓት ከተማ ወጥታችሁ ጠብቁኝ» ተብሎ በሰው ይላክ ነበር። መስመሩን ራሳችን እንዘርጋው ያለ ሰው ግን አልሰማሁም። በፈረንጆቹ 2016 የሜክሲኮ መንግሥት ለእነዚህ ነባር ሕዝቦች የስልክ አገልግሎት ፈቃድ ሰጠ ሲባል የራሴ ዘመድ የተሾመ ያህል ነው ደስ ያለኝ።

ያን ዕለት 25 ዶላሩን መለስኩ፤ ይቅርታም ጠየቅኩ። ከዚያ ወዲህ «ይቋረጣል» የሚል ደንበኛ ሲመጣ፣ ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት የሚደውልበትን ቦታ እጠይቃለሁ።

እናትየው ግን ወዲያው አልሄዱም። እስክሪብቶ ለምነውኝ ደረሰኙ ጀርባ ላይ የሚያወሩትን በተራ ጻፉ። ከዚያ ደወሉ። አንድ ቃል አልገባኝም። ጣታቸው ግን ከመስመር መስመር ሲወርድ አያለሁ። 4ኛው ደቂቃ ላይ ስልኩን ለልጃቸው አቀበሉት፤ እሱም አክስቱን ሰላም አለ።