ሣሩ ላይ የቀረው ምልክት

ወሩ ኅዳር ነው። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ ወጥተን፣ እንጦጦን ተሻግረን፣ ሱሉልታ አካባቢ ያለ የተኩስ ሜዳ ላይ ነን። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በዚያ ሰሞን የሱሉልታ ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ጤዛው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ነጭ አልብሶታል። ከማዶ ገበሬዎች ገብስ ያጭዳሉ።

ሥራዬ ተኩስ ማሠልጠን ነው። ብዙ ዓመት ቆይቼበታለሁ። ያን ጊዜ የምሠራበትን ተቋም ስም አልጠራም። ጥፋቱ የእኔ ስለነበር መጥራቱም አያስፈልግም።

ያን ሳምንት የያዝነው መሣሪያ ባለ 12.7 ሚሊ ሜትር የሩቅ ርቀት ጠመንጃ ነው። የጥይቱ ስፋት ዲሽቃ ከሚባለው ከባድ መትረየስ ጋር አንድ ነው። ዲሽቃን ግን ሦስት እግሩ ወይም መኪና ይችለዋል። ይኼን የሚችለው የአንድ ሰው ትከሻ ነው። ስለዚህ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ሃምሳ አለቃ፣ ትከሻ ይመታል?»

ይመታል። የክላሽ እርሳስ 8 ግራም ገደማ ነው። የዚህኛው ከ40 ግራም ይበልጣል፤ ያውም በሰከንድ ከ800 ሜትር በላይ እየበረረ። እርሳሱ ወደ ፊት ሲሄድ ጠመንጃው የድርሻውን ወደ ኋላ ይመጣል። እዚህ ድረስ ለሁሉም ይገባዋል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ባሩዱን ነው። በአንዱ ቀለህ ውስጥ 15 ግራም ገደማ ባሩድ አለ። ተቃጥሎ ጋዝ ሲሆን ከአፈሙዙ የሚወጣው ከእርሳሱ በበለጠ ፍጥነት ነው። ትከሻ ላይ ከሚያርፈው ግፊት ሲሶ ያህሉ የዚህ ጋዝ ነው። እርሳሱን ምንም ማድረግ አይቻልም። መሄድ አለበት። ጋዙን ግን መያዝ ይቻላል፤ ማዞርም ይቻላል።

የእኛ ጠመንጃ አፈሙዙ ላይ ሙዝል ብሬክ ነበረው። እኛ በአጭሩ ፍሬን እንለዋለን። ግራና ቀኙ የተቦረቦረ ወፍራም ብረት ነው። ጋዙን ይቀበልና ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይወረውረዋል። ጋዙ ወደ ኋላ ሲወረወር ጠመንጃውን ወደ ፊት ይጎትተዋል። በዚህ ምክንያት ርግጫው፣ ማለትም ትከሻ ላይ የሚያርፈው ምት፣ ግማሽ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ጥሩ ፍሬን ከሆነ ከዚያም በላይ። ለተኳሹ ትልቅ ውለታ ነው። ለጎረቤቱ ግን አይደለም። ጋዙ የት ሄደ ቢባል ጎን ላይ ወደተኛው ሰው ነው የሄደው።

ይህን አውቅ ነበር። ክፍል ውስጥ በጠመኔ ሥዬ አስተምሬዋለሁ። ቢሆንም ያን ቀን አለፍኩት።

የሩቅ ርቀት ተኩስ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ይተኩሳል። ሌላው በመነጽር ኢላማውን፣ ነፋሱንና ጥይቱ ያረፈበትን ያያል። የዚያን ቀኑ ተመልካች 23 ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ነው። ጎበዝ ነበር። ዓይኑ ነፋስ ያነባል። ሣር ሲነቃነቅ አይቶ «ከግራ፣ ቀስ ያለ» ካለ አልተሳሳተም ማለት ነው። ቦታው ከተኳሹ በስተግራ፣ ከትከሻው ትንሽ ወደ ኋላ ነበር። እኔው ነኝ ቦታውን በድንጋይ ምልክት ያደረግኩለት። ነገር ግን ፊት ለፊቱ ያለው ሣር ረጅም ሆነና ኢላማውን ከለለው። በክርኑ እየተሳበ ወደ ፊት ሄደ። ግማሽ ቁመት ያህል ነው የሄደው። አየሁት። ልመልሰው አስቤ ነበር። ተኳሹ ግን ትንፋሹን አስተካክሎ ቃታው ላይ ደርሶ ነበር። «አንዲት ጥይት ናት» አልኩ በልቤ።

ሌላም ነገር አይቼ ዝም ብያለሁ። ልጁ የጆሮ መከላከያውን አድርጓል። ከሥሩ ግን የሹራብ ኮፍያ ለብሷል። ብርዱ አይቻልም ነበር። እኔም ብርዱን እያሰብኩ አዘንኩለት። የጆሮ መከላከያ የሚሠራው ዙሪያው ቆዳ ላይ ከተጣበቀ ብቻ ነው። ሹራብ ከገባበት፣ ፀጉር ከገባበት፣ የመነጽር ዘንግ እንኳ ከገባበት ድምፁ በክፍተቱ ይገባል። በር ዘግቶ መስኮት ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።

ተኮሰ።

ልጁ ምንም አላለም። ፊቱን አልቋጠረም። ዝም ብሎ ወደ መሬት አየ። «የት አረፈ?» ብዬ ጠየቅኩት። አልመለሰም። ጠጋ ብዬ ደገምኩለት። «ደህና ነኝ ሃምሳ አለቃ» አለኝ። ስለ ጥይቱ ነው የጠየቅኩት። እሱ የመለሰው ስለ ራሱ ነው። ያን ጊዜ ሆዴ ተንቦጨቦጨ።

«ተኩስ አቁም!» አልኩ። መሣሪያው ባዶ መሆኑን አረጋገጥኩ። ልጁን አስነስቼ ወደ ኋላ ላክሁት። ከዚያ የተኛበትን ቦታ አየሁ። እስከ ዛሬ ከዓይኔ ያልጠፋው ይህ ነው። ሜዳው በሙሉ በጤዛ ነጭ ነው። ከአፈሙዙ ግራና ቀኝ ግን ሁለት አረንጓዴ ማራገቢያዎች ተዘርግተዋል። ጋዙ ጤዛውን ጠርጎታል። ሣሩን ወደ ኋላ አበጥሮ አስተኝቶታል። አንዱ ማራገቢያ በቀኝ በኩል ባዶ መሬት ላይ ያበቃል። የግራው ልጁ ጭንቅላቱን ካሳረፈበት ቦታ ላይ ያበቃል። በቀለም የተሠመረ ነው የሚመስለው። እኔ በጠመኔ የሣልኩትን ሣሩ ደግሞ ሣለው።

ማታ ላይ ልጁ «ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ፌንጣ ይጮኻል» አለ። በማግሥቱም አልተወውም። ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። መድኃኒት ተሰጠው፤ ተመላለስን። ከሳምንታት በኋላ የመስማት ምርመራው ወረቀት ላይ መስመሩ ደህና ሲሄድ ቆይቶ 4,000 ኸርዝ አካባቢ፣ ቀጠን ያሉት ድምፆች ጋ ሲደርስ፣ ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል። ሐኪሟ በእስክሪብቶ እያሳየች አስረዳችን። ድምፅ የሚጎዳው ሰው ጉዳቱ በአብዛኛው የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው። የውስጥ ጆሮ ውስጥ እንደ ፀጉር ያሉ ስስ ሴሎች አሉ። ከሞቱ መልሰው አይበቅሉም። በዚያ ከፍታ ያሉት ድምፆች እንደ «ስ»፣ «ፍ» እና «ት» ያሉት ናቸው። ስለዚህ ሰው ሲያወራው ድምፁን ይሰማል፤ ቃሉን አይለየውም። ሬዲዮ ላይ ቁጥር ለሚቀበል ተመልካች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቁጥሩን የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። የድምፅ ጉልበት የሚለካው በዴሲቤል ነው። ድንገተኛ ድምፅ 140 ዴሲቤል ከደረሰ አንድ ጊዜም ቢሆን ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። የትልቅ ጠመንጃ ድምፅ ከ160 ይበልጣል። 20 ቁጥር ትንሽ ትመስላለች። ዴሲቤል ላይ ግን እያንዳንዱ 10 ጉልበቱን በ10 እጥፍ ያባዛል። ስለዚህ 20ዋ መቶ እጥፍ ናት።

ከዚያ በኋላ ነው የድምፅ ማፈኛ ይግዛልን ብዬ የጻፍኩት። ብዙዎቹ አልገባቸውም። «ሳይለንሰር ለነፍሰ ገዳይ ነው፤ ለሥልጠና ምን ያደርጋል?» ተባልኩ። አልፈርድባቸውም። ሰው የሚያውቀው ከፊልም ነው። ያስረዳኋቸው በመኪና ነበር። ማርሚታ የሌለው አይሱዙ ሰፈር ውስጥ ሲያልፍ አስቡት። ማፈኛ የጠመንጃ ማርሚታ ነው። ጋዙን ውስጡ ባሉት ክፍሎች ያንገላታዋል፣ ያቀዘቅዘዋል፣ ቀስ አድርጎ ያስወጣዋል። ይህ ንጽጽር እንዲያው የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1909 የመጀመሪያውን የታወቀ ማፈኛ በስሙ ያስመዘገበው አሜሪካዊው ሂራም ፐርሲ ማክሲም ለሞተርም የድምፅ መቀነሻ የሠራ ሰው ነው። አባቱ ደግሞ የማክሲም መትረየስን የፈለሰፈው ሂራም ማክሲም ነው። አባት አጮኸ፣ ልጅ አፈነ።

ጸጥ ግን አያደርግም። ይህን በግልጽ ነው የነገርኳቸው። ጥሩ ማፈኛ ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። የቀረው አሁንም ብዙ ነው። ከዚህም ሌላ የእርሳሱ የራሱ ጩኸት አለ። የቡሄ ጅራፍ ለምን ይጮኻል? ጫፉ ከድምፅ ስለሚፈጥን ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። እርሳሱ ከእጥፍ በላይ ይሄዳል። ስለዚህ መንገዱን ሁሉ እንደ ጅራፍ እየጮኸ ነው የሚጓዘው። ማፈኛ አፈሙዝ ላይ ያለውን እንጂ ከአፈሙዝ የራቀውን አይነካም። ማፈኛ ተገጥሞም እኛ ጋ ጆሮ ሳይሸፈን ተኩስ የለም። የስፖንጅ ውታፍ ከሥር፣ ጆሮ ላይ የሚደፋው መከላከያ ከላይ። ሁለቱን መደራረብ የሚጨምረው 5 ዴሲቤል ያህል ቢሆንም አስደርባለሁ። አንዱ ሲንሸራተት ሌላው ይኖራል።

ማፈኛው መጣና ገጠምነው። የመጀመሪያው ጥይት ሲተኮስ ሣሩን አየሁ። ጤዛው ከጎን አልተጠረገም። ያን ቀን ሌላ ነገር ባላገኝ እንኳ ይበቃኝ ነበር።

ርግጫውስ? እዚህ ላይ ሐቁን መናገር አለብኝ። ፍሬኑን ያህል አልቀነሰም። ማፈኛ ጋዙን ያዘገየዋል፤ ክብደትም ይጨምራል። ስለዚህ ርግጫው ይቀንሳል፤ ጠባዩም ይለወጣል። እንደ ጥፊ የነበረው እንደ ግፊያ ይሆናል። በፍሬን የለመዱት ግን «ትከሻችንን አመመን» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም ያልኳቸው አንድ ነገር ነው፤ የበለዘ ትከሻ በሳምንት ይድናል።

ትከሻውን ደግሞ በአተኛኘት ማገዝ ይቻላል። አብዛኛው ጀማሪ ከጠመንጃው ጎን ተጣሞ ይተኛል። ርግጫው ሲመጣ ሰውነቱን ገልብጦ ያልፋል። ቀጥ ብሎ ከጠመንጃው ጀርባ ሲተኛ ግን ግፊቱ በአከርካሪው ወርዶ እስከ እግሩ ይከፋፈላል። ሰደፉ ብብትና አንገት መካከል ያለው ጎድጓዳ ሥጋ ላይ መቀመጥ አለበት። አጥንት ላይ ካረፈ መከራ ነው። የጠመንጃውን የፊት እግሮች በደረት ክብደት ትንሽ ወደ ፊት መግፋት ያስፈልጋል። በሰደፉና በትከሻው መካከል ክፍተት ከተተወ ሰደፉ ተንደርድሮ ነው የሚመታው። ዓይን ከማነጣጠሪያው መነጽር መራቁን ደግሞ ደጋግሜ አያለሁ። የተሰነጠቀ ቅንድብ ጠግኜ አውቃለሁ።

ከሁሉም የሚከብደው ፍርሃቱ ነው። ተኳሹ ድምፁንና ምቱን ሲጠብቅ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ሰውነቱ ይሸማቀቃል። ራሱ አያውቀውም። ስለዚህ ሳያየኝ አንዳንዴ ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት አጎርሳለሁ። ቃታው «ቀጭ» ሲል አፈሙዙ ሲዘቀዘቅ ሁሉም ሰው ያየዋል፤ እሱም ያየዋል። ማፈኛ ከገጠምን ወዲህ ይህ መሸማቀቅ በግልጽ ቀንሷል። ምቱ በርትቶም ቢሆን ቀንሷል። ለካ ሰው ከምቱ በላይ የሚፈራው ጩኸቱን ነበር።

ማፈኛም የራሱ ጣጣ አለው። መጀመሪያ የገጠምነው ቀን 100 ሜትር ላይ ጥይቱ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ አረፈ። አፈሙዝ ላይ ክብደት ሲንጠለጠል በርሜሉ የሚርገበገብበት መንገድ ይለወጣል። አራት ጣት በ100 ሜትር ማለት በ1,000 ሜትር አሥር እጥፍ ነው። ስለዚህ ማነጣጠሪያው ከማፈኛው ጋር እንደ አዲስ ይስተካከላል፤ በወረቀትም ይመዘገባል። ጥቂት ጥይት ከተተኮሰ ደግሞ ብረቱ እንደ ምጣድ ይግላል። በዚያ ብርድ ሙቀቱ እየተነነ በመነጽሩ ፊት ሲወጣ ኢላማው ይጨፍራል። ሙቀት የሚችል ጨርቅ እንጠቀልልበታለን። በየመሀሉም እናቆማለን፤ ጥብቀቱን በወፍራም ጓንት እንፈትሻለን። ላልቶ ከተጣመመ እርሳሱ ውስጡን ነክቶ ይሰብረዋል።

ልጁ ሥራውን አልለቀቀም። ፌንጣዋ አሁንም ትጮኻለች፤ ሌሊት ትብሳለች ይላል። አሁን አብሮኝ ያሠለጥናል። ከተኩስ በፊት ሰልፉ ላይ ያልፋል። ብርድም ቢሆን የሹራብ ኮፍያ ያስወልቃል። ጣቱን በመከላከያውና በጉንጩ መካከል ሰድዶ ዙሪያውን ይዳስሳል። የተመልካቹን ቦታ በድንጋይ ሳይሆን በገመድ አጥሮታል። ከገመዱ አንድ ክርን ያለፈ ካለ ተኩስ ያስቆማል። እኔንም ሁለቴ አስቁሞኛል።

ማታ በሚኒባስ ስንመለስ የኋላ ወንበር ላይ በቀኝ በኩል መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ደህናው ጆሮው ወደ እኔ እንዲሆን ነው። እኔም ሳይነግረኝ በግራው እሆናለሁ። ዳገቱን ስንወጣ ሞተሩ ስለሚጮህ ወሬያችንን እናቋርጣለን። እንጦጦን አልፈን ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁል ስንጀምር ካቆምንበት እንቀጥላለን።