ቡቺና ስክሪብቶው፦ የአምስት ሳምንት ማስታወሻ

ቡቺ የቆርቆሮ በራችን በተንኳኳ ቁጥር ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ውሻ ነው። ሁለት ሦስቴ ቢጮህ አልጠላም፣ የሚበላው ለዚያ ነው። እሱ ግን ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይጮሃል (በስልኬ ለክቻለሁ)። ስለ ልማድ አፈጣጠር ሳነብ የከረምኩትን በእሱ ልሞክረው አልኩ። ዓላማዬ በር ሲንኳኳ ሄዶ ጆንያው ላይ እንዲቀመጥ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት የፌስታል ነበር። ከልኳንዳ የመጣ ፌስታል ኮሽ ሲል ቡቺ ምራቁ ይዝረበረባል። ፌስታል አይበላም፤ ግን ሁልጊዜ ከሥጋው ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። የሩሲያው ሳይንቲስት ፓቭሎቭም እንስሳት እንዴት እንደሚማሩ ወደ ማጥናት የገባው በዚሁ በኩል ነው። ሰውዬው የምግብ መፈጨትን የሚያጠና የፊዚዮሎጂ (የሰውነት አሠራር ጥናት) ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ኖቤል የተሸለመውም በዚያ ነው። ውሾቹ ምግቡ አፋቸው ሳይገባ ምራቅ ማፍሰሳቸው መጀመሪያ ሥራውን የሚያበላሽበት ነገር ነበር፤ በኋላ ዋናው ሥራው ሆነ።

እኔ የመረጥኩት ድምፅ የስክሪብቶ ጠቅታ ነው። ጠቅ፣ ከዚያ ጥፍር የምታህል ሥጋ፣ በቀን ሃያ ጊዜ። ሁለት ቀን ምንም ለውጥ የለም። ለካ ሥጋውን እየሰጠሁት ነው ጠቅ የማደርገው! ሥጋው አፉ ከገባ በኋላ የሚመጣ ድምፅ ምንም አያበስረውም። ጠቅታውን ትንሽ ሳስቀድመው በማግስቱ ጆሮውን አቁሞ ዞረ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጨዋታው ተለወጠ። ለፌስታሉ ቡቺ ምንም መሥራት አይጠበቅበትም ነበር፣ ምራቁ በራሱ ይመጣል። አሁን ግን ሠርቶ ማግኘት አለበት። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ሳጥን ውስጥ የዘጋባቸው ድመቶች ገመድ ስበው ወይም መርገጫ ረግጠው ሲወጡ ምግብ ያገኙ ነበር፤ ሙከራው ሲደጋገም የመውጫ ጊዜያቸው እያጠረ ሄደ። እኔም በጥቂት በጥቂቱ ሄድኩ፦ ጆንያውን ሲያይ ጠቅ፣ በአንድ እግሩ ሲረግጠው ጠቅ፣ ሲቀመጥበት ጠቅ። ረቡዕና ዓርብ የሰፈራችን ልኳንዳ ዝግ ስለሆነ በደረቅ ዳቦ ሞከርኩ። አንድ ጊዜ አሽትቶት ወደ ጥላው ሄደ። ሽልማት ሽልማት የሚሆነው ለተቀባዩ እንጂ ለሰጪው አይደለም።

ሦስተኛው ሳምንት ያላሰብኩትን አሳየኝ። ቡቺን ለካ ከእኔ በፊት የሚያሠለጥነው ሰው አለ። እማዬ ጩኸቱ ሲበዛባት «እንካ፣ ዝም በል!» ብላ አጥንት ትወረውርለታለች። ቡቺ ይጮሃል፣ አጥንት ያገኛል፤ ነገም ይጮሃል። እሷስ? አጥንት ትወረውራለች፣ ጩኸቱ ይቆምላታል፤ ነገም ትወረውራለች። «አሉታዊ ማጠናከሪያ» የሚሉትን ሁልጊዜ ከቅጣት ጋር ነበር የማምታታው፤ አሁን ከእማዬ ተማርኩት። ቅጣት ድርጊቱን ይቀንሳል። እዚህ ግን የሚያስጠላው ነገር ስለተወገደ የእማዬ መወርወር ጨመረ። ማን ማንን እንዳሠለጠነ እናንተው ፍረዱ።

አጥንቱ እንዲቆም ለመንኳት። «ስንቱ ሰው ጦሙን እያደረ አንተ ውሻ ታስተምራለህ» ብላ እሺ አለች። አራት ቀን ጩኸቱ ጭራሽ ባሰ፤ ሽልማቱ የቀረበት ልማድ ከመጥፋቱ በፊት አንዳንዴ ይንራል። በአምስተኛው ቀን እንግዳ መጣ፣ እማዬ አላስቻላትም፣ አንድ አጥንት ወረወረች። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፈርስተርና ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ሰፊ ሥራ እንዳሳዩት፣ ሽልማቱ ስንተኛው ሙከራ ላይ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ እንስሳው ያለመሰልቸት ይሠራል። ሎተሪ የሚቆርጥ ሰው ለምን እንደማይታክተው ይህ ይመስለኛል። በአንዷ አጥንት ምክንያት እንደ አዲስ ጀመርን።

አራተኛውን ሳምንት በአጭሩ ልለፈው፦ እማዬ ታገሠች፣ እኔም በር እያንኳኳሁ ጆንያው ላይ ሲቀመጥ ሸለምኩት። ሦስት ደቂቃው ወደ አርባ ሰከንድ ወረደ።

በአምስተኛው ሳምንት የአክስቴ ልጅ የቤት ሥራውን ሊሠራ መጣ፤ ሲያስብ ስክሪብቶውን ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ቡቺ ፊቱ ቁጭ ብሎ ምራቁን አዝረበረበበት። ልጁ ሥጋ ስለማይሰጠው ድምፁ ትርጉሙን እንዳያጣብኝ ፈራሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በምላሴ ነው ጠቅ የማደርገው።

የቀረኝ ቆራሌው ነው። «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ቡቺ ጆንያውን ጥሎ አልጋ ሥር ይገባል። ይህ ፍርሃት ነው፣ የአጥንት ጉዳይ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ከቨር ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1924 ጥንቸል የሚፈራን ሕፃን የረዳችው የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሉን በጥቂት በጥቂቱ እያስጠጋች ነው። የቆራሌውን ድምፅ ትናንት በስልኬ ቀድቻለሁ፤ ዛሬ ማታ በዝቅተኛው ድምፅ ከሥጋ ጋር እንጀምራለን። ነገ ረቡዕ ስለሆነ ሥጋውን ከአሁኑ ገዝቼዋለሁ።