የፋይሉን ስም ትታችሁ ውስጡን እዩ

በሲ ፕሮግራም ስትጽፉ የፋይሉን ዓይነት ማወቅ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ጥያቄውን ለዩት። ፎልደር ነው፣ ሶኬት (ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት መስመር) ነው ወይስ ተራ ፋይል? ለዚህ ስታት (stat) የሚባለው ፈንክሽን ይበቃል። ውስጡ ምስል ይሁን ፒዲኤፍ ግን ስታት ግድ የለውም። ዩኒክስም ከነጥብ በኋላ ያለውን ቅጥያ ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ማንም ሰው ቫይረሱን ጄፔግ ብሎ ሰይሞ ሊልክላችሁ ይችላል።

ማንነቱ የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ ባይቶች ነው። ፒኤንጂ ሁሌም በ8 የታወቁ ባይቶች ይጀምራል፣ ዚፕ ደግሞ በፈጣሪው በፊል ካትዝ ስም የመጀመሪያ ፊደላት። የምትለዩት ሁለት ሦስት ዓይነት ብቻ ከሆነ ባይቶቹን በኤፍሪድ (fread) አንብባችሁ በሜምሲኤምፒ (memcmp) አወዳድሩ፣ አለቀ። ከዚያ ካለፈ ግን በከንቱ አትድከሙ (አዲሶቹ የወርድ ፋይሎች ራሳቸው ዚፕ ናቸው፣ እነሱን መለየት ራስ ምታት ነው)። ሊብማጂክን (libmagic) ተጠቀሙ፤ "ፋይል" የሚባለው ትዕዛዝ የሚሠራበት ላይብረሪ ነው። ፈንክሽኖቹን በቅደም ተከተል ጥሩ፦ ማጂክ ኦፕን (magic_open)፣ ማጂክ ሎድ (magic_load)፣ ማጂክ ፋይል (magic_file)፣ ማጂክ ክሎዝ (magic_close)፣ በቃ ይኸው ነው። ማጂክ ፋይል የሚመልስላችሁን ስትሪንግ (የዓይነቱን መግለጫ) በፍሪ (free) ከሜሞሪ አትልቀቁት፣ የላይብረሪው ንብረት ነው። በፖፕን (popen፣ ትዕዛዝን በሼል በኩል የሚያስኬድ ፈንክሽን) የ"ፋይል"ን ትዕዛዝ መጥራትም ይሠራል፤ ግን አንዱ ተንኮለኛ በፋይሉ ስም ውስጥ ሴሚኮለን (በሼል ትዕዛዞችን የሚለያየውን ; ምልክት) ሸጉጦ የመጣ ዕለት ሼሉ ያሻውን ይፈጽምለታል።