የዘይት መብራቴ ዘይቱን አያውቀውም ነበር

ይህን የምጽፈው ያገለገለ ከባድ የናፍጣ መኪና ገዝተው በጅቡቲና በድሬዳዋ መካከል፣ ወይም ከድሬዳዋ በላይ ያለውን የደንገጎን ዳገት ወጥተው ወደ ሐረርና ወደ ጅግጅጋ ጭነት ለማመላለስ ላሰቡ ሰዎች ነው። እኔ ስገዛ ስለ ጎማው፣ ስለ ካምቢዮው፣ ስለ ፍሪሲዮኑና ስለ ሻንሲው የሚመክረኝ ሰው አላጣሁም። ከመሪው ፊት ስለተደረደሩት ትናንሽ መብራቶች ግን ማንም ምንም አላለኝም፤ ሞተሬን ያሳጣኝ ደግሞ ከእነርሱ አንዱ፣ የሞተሩ ዘይት ግፊት ሲወርድ ሊበራ የሚገባው የዘይት መብራት ነው።

ቀላሉን ክፍል ቶሎ ልለፈው። የመብራቶቹ ምልክቶች በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰኑ ስለሆኑ ሲኖትራክም ይሁን ቮልቮ ወይም ኢቬኮ፣ አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ቀይ አደጋን፣ ቢጫ ምርመራ የሚያስፈልገው ጉድለት መኖሩን፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ደግሞ አንድ ነገር በሥራ ላይ መሆኑን ያመለክታሉ። ናፍጣ ውስጥ ውኃ መግባቱን የሚያሳየው መብራት ሲበራ ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍቶ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ ድረስ ማፍሰስ ነው፤ የጅቡቲ አየር እርጥበት የበዛበት ስለሆነ ሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንኩን) ጎዶሎ አድርጎ ከማሳደር ማታውኑ መሙላት ይሻላል። የሞተር ምስል ያለው ቢጫ መብራት ሲበራ ኮድ የሚያነብ መሣሪያ ወዳለው ጋራዥ መሄድ እንጂ በግምት ሴንሰር መቀያየር ገንዘብ ማባከን ነው። የኤቢኤስ መብራት መኪናው መንገድ ከጀመረ በኋላም ካልጠፋ፣ መደበኛው ፍሬን ይሠራል፤ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ክፍል ግን አይሠራም ማለት ነው። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ በዚህ መብራት በጥንቃቄ እየነዱ መቀጠል እንደሚቻል ይናገራል። ሜዳ ላይ እውነት ነው። እኔ ግን ተሳቢ ጎትቶ ደንገጎን ለሚወርድ ሰው ምንም ዓይነት መብራት ቢጫ ነው ብዬ አላምንም፤ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማንኛውም መብራት ከበራ እዚያው ላይ ቆሞ ማየት ይገባል።

ስለ ቀዮቹ ብዙ ሹፌር «ቀይ ሲበራ ዳር ይዘህ ሞተር አጥፋ» ተብሎ የተማረውን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ ይወጣል። ትምህርቱ ለዘይት መብራት ትክክል ነው፤ ለሙቀት መብራት ግን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። የሞተሩ ሙቀት ከልክ ሲያልፍ በመጀመሪያ ውኃው በቦታው መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ውኃው ካልፈሰሰ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ ሞተሩን ከመደበኛው ጥቂት ከፍ ባለ ዙር ማቆየት ይሻላል፤ የውኃ ፖምፓውና ቬንትሌተሩ (ማራገቢያው) እየሠሩ ሙቀቱን ያወጡታል፣ በድንገት ከጠፋ ግን ሙቀቱ ሁሉ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ውኃው እየተንዠቀዠቀ ከሆነ ብቻ ወዲያውኑ ይጥፋ። የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ መክፈት በምንም ሁኔታ አይገባም። ክዳኑ ራሱ ብዙዎች ከሚያስቡት የበለጠ ሥራ አለው። ውኃ በባሕር ጠረፍ፣ በጅቡቲ፣ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከባሕር ወለል ወደ 1200 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ድሬዳዋ በ96 ዲግሪ አካባቢ፣ 2000 ሜትር ላይ ደግሞ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህን የሚያካክሰው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ስለዚህ በአይሻና በአዲጋላ ሐሩር ደህና የነበረ መኪና ደንገጎ አናት ላይ የሚፈላው ብዙ ጊዜ በዳገቱ ብቻ ሳይሆን ክዳኑ ስላረጀም ነው። የባትሪ ምስል ያለው ቀይ መብራት ሲበራ ደግሞ የሙቀት ጌጁን (ጠቋሚውን) ማየት ያስፈልጋል፤ በብዙ ሞተሮች ዲናሞውንና የውኃ ፖምፓውን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ (ቀበቶ) ስለሆነ፣ ሁለቱ ተከታትለው ከመጡ ቺንጋው ተበጥሷል ማለት ነው።

የፍሬኑ አየር ግፊት መብራት ሲበራና ጩኸቱ ሲሰማ የሚቀረው ጊዜ አጭር ነው። በቁልቁለት ፍሬን ደጋግሞ የሚረግጥ ሰው ኮምፕሬሰሩ ከሚተካው በላይ አየር ያወጣል፤ ግፊቱ እየወረደ ሲሄድ የማቆሚያው ፍሬን በሞላ (በስፕሪንግ) ኃይል ራሱ ይይዛል፣ ያን ጊዜ መኪናው የሚቆምበትን ቦታ የሚመርጠው ሹፌሩ አይደለም። መብራቱ እንደበራ አየር ሳያልቅ ዳር ይዞ መቆም ነው። የአየር ታንኮቹን ውኃ በየዕለቱ ማፍሰስ፣ በተለይ ከጅቡቲ ሲመለሱ፣ ረዳት የሚሠራው ተራ ሥራ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ባለቤቱ ራሱ ቢያየው ይሻላል።

አሁን ወደ ዘይት መብራቱ ልመለስ።

የገዛሁት መኪና ቁልፉ ሲዞር መብራቶቹ ሁሉ ይበሩ ነበር፤ ሞተሩ ሲነሣ ሁሉም ይጠፉ ነበር። መጽሐፉም እንዲህ መሆን አለበት ይላል። ከመግዛቴ በፊት ከፍዬ ያስመረመርኩበት ጋራዥ ቁልፉን አዙሮ አይቶ ሁሉም ደህና መሆኑን ነገረኝ። የዘይት ጌጁ ስለማይንቀሳቀስ ጥያቄ ሳነሣ፣ የአሮጌ መኪና ጌጅ አይታመንም፣ መብራቱ ከሠራ በቂ ነው ተባልኩ። ዓመታዊውን የቴክኒክ ምርመራ በዚሁ ሁኔታ አለፈ፤ ቦሎውም ተለጠፈ።

አንድ ጠዋት ሙሉ ጭነት ይዤ ደንገጎን ስወጣ ከሞተሩ ሥር ቀጭን ማንኳኳት ሰማሁ። ዳሽቦርዱን አየሁ። ሙቀቱ መካከል ላይ ነው፣ አየሩ ሙሉ ነው፣ አንድም ቀይ መብራት የለም። ድምፁ ከነዳጁ ወይም ከተሳቢው ማያያዣ ሊሆን ይችላል ብዬ መቆሚያ የሚሆን ሰፊ ቦታ እስካገኝ ጥቂት ኩርባዎች አለፍኩ። በእነዚያ ኩርባዎች ውስጥ ቀጭኑ ድምፅ ወደ ከባድ ምት ተለወጠ። አቁሜ ሞተሩን አጠፋሁና የዘይት መለኪያውን መዝዤ አየሁት፤ ዘይቱ እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉ ነበር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መለኪያው የሚነግረን ዘይት መኖሩን ነው፤ መብራቱ ሊነግረን የሚገባው ደግሞ ዘይቱ ተገፍቶ ወደሚፈለግበት መድረሱን ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

መኪናው ተጎትቶ ወደ ድሬዳዋ ወረደ። ሞተሩ ሲፈታ በኮፓው (ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ያለው የዘይት መሳቢያ ወንፊት በጥቁር ዝቃጭ ተደፍኖ ተገኘ፤ ብሮንዚኒዎቹ (ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ስስ መደገፊያዎች) ተበልተው ክራንክሻፍቱን (ዋናውን የሞተር ዘንግ) ሸርክተውታል። ክራንክሻፍቱ ብረት ወደሚላግበት ቶርኖ ቤት ገባ፣ ብሮንዚኒ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ተጠበቀ፣ ደንበኞቼም ጭነታቸውን ለሌላ ሰጡ። ይህ ሁሉ ወንፊት በማጠብና ዘይት በመቀየር ሊቀር ይችል የነበረ ነገር ነው፤ መብራቱ በጊዜው ቢበራ ኖሮ።

መብራቱ ለምን እንዳልበራ ያገኘው በዕድሜ ከእኔ በብዙ የሚያንስ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ሲፈታትሽ ቆይቶ በድሬ ልጅ ወግ «ና እየው አቦ! ይሄ መብራት እኮ ዘይቱን አያውቀውም» አለኝ። የዘይት መብራቱ ሽቦ ከሞተሩ ጋር ከሚያገናኘው መስመር ተቆርጦ ከዲናሞው መብራት ሽቦ ጋር ተጠምዝዞ ነበር። ስለዚህ ቁልፍ ሲዞር ከባትሪው መብራት ጋር አብሮ ይበራል፣ ዲናሞው መሥራት ሲጀምር አብሮት ይጠፋል። በሞተሩ ውስጥ አንድ ጠብታ ዘይት ባይኖር እንኳ አይበራም። አምፖሉን ብቻ አውጥተው ቢሆን ኖሮ ቁልፍ ሳዞር አለመብራቱን አይቼ እነቃ ነበር፤ ይህን የሠራው ሰው ግን ገዢው የሚያደርገውን ፍተሻ አስቀድሞ አውቆ፣ ፍተሻውን እንዲያልፍ አድርጎ ነው የሠራው። በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ድረስ ውስጤ ይቃጠላል። የፍሬን ሸራ መቆጠብ ስስት ነው፤ የሰውን ሕይወት የሚጠብቅ ምልክት ማታለል ግን ወንጀል ነው ብዬ አምናለሁ።

ሻጩን ስጠይቀው እኔም እንዲሁ ነው የገዛሁት አለ። ጋራዡ መብራቱ በርቶ መጥፋቱን አይተናል፣ ከዚያ በላይ አልተጠየቅንም አለ። ምርመራውን ያደረገው ክፍልም ያንኑ መለሰልኝ፤ የሚታየው መብራቱ ነው እንጂ ሽቦው አይደለም ተባልኩ። ታዲያ ሽቦውን ማንም የማያይ ከሆነ ምርመራው ምን ላይ ነው? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ እንደሚሆንና ገዢው ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ቶሎ ማስታወቅ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ነገር ግን ውሌ ላይ መኪናውን ያለበትን ሁኔታ አይቼና ተስማምቼ ገዝቻለሁ የሚል የተለመደ ዓረፍተ ነገር ነበረበት፣ ሽቦውን ያጣመመው ማን እንደሆነ የሚመሰክርም አልነበረም። ክርክሩን ተውኩት። እናንተ ውል ስትፈራረሙ ያ ዓረፍተ ነገር እንዲወጣ፣ ካልወጣም የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ሁሉ ከየራሳቸው ስዊች ጋር በትክክል መገናኘታቸውን ሻጩ እንዲያረጋግጥ ከሥሩ አስጽፉ።

ፍተሻው ከደቂቃዎች በላይ አይወስድም። በስዊችና በአምፖል በሚሠራ መኪና ላይ ቁልፉን አዙሩ፣ ሞተሩን አታስነሡ፤ የዘይት መብራቱ ይበራል። ከዚያ ከሞተሩ ጎን ካለው የዘይት ግፊት ስዊች ላይ ሽቦውን ንቀሉት። መብራቱ ሊጠፋ ይገባል። የነቀላችሁትን ሽቦ ከሞተሩ ብረት ጋር ስታነካኩት እንደገና ሊበራ ይገባል። ሽቦው ተነቅሎም የሚበራ ከሆነ መብራቱ የሚመራው ከሌላ ቦታ ነው። አንዳንድ መኪና ላይ ስዊቹ በተቃራኒው ሊሠራ ይችላል፣ በኮምፒዩተር የሚመራ መኪና ደግሞ ሽቦው ሲነቀል የጉድለት ኮድ ይመዘግባል፤ በዚያ ጊዜ ፍተሻውን ባለሙያ ያድርገው፣ እናንተ ግን አጠገቡ ቁሙ። ሌላው ምልክት በዓይን ይታያል፦ ሞተሩ ሲነሣ የዘይቱና የባትሪው መብራት ሁልጊዜ በአንድ ቅጽበት አብረው የሚጠፉ ከሆነ ተጠራጠሩ፤ ሁለቱ የሚሠሩት በተለያየ ምክንያት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ጥቂት ይቀዳደማሉ።

ጤነኛ መብራትም ቢሆን የሚበራው ግፊቱ እጅግ ከወረደ በኋላ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ከተጠገነ በኋላ በቀጭን ቧንቧ በቀጥታ ከሞተሩ የሚያነብ የዘይት ግፊት ጌጅ ጋቢናው ውስጥ አስገጠምኩ፤ ዋጋው ከአንድ ጎማ ዋጋ በብዙ ያንሳል፣ ሽቦ ስለሌለውም ማንም ሊያጣምመው አይችልም። ጋራዥ ገብቶ የዳሽቦርድ ሥራ በተሠራ ቁጥር ደግሞ ሒሳቡን ከመክፈሌ በፊት የስዊቹን ሽቦ ሠራተኛው ራሱ እንዲነቅለው እጠይቃለሁ፤ የሚቀየም ካለ ይቀየም።