ከቅበላ በፊት አልለቅም

ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሆቴል ምሽት ክበብ ከሚሠራ ባንድ ጋር ለዓመታት ሠርቻለሁ። በአዘቦቱ ማታ ማታ ክበቡ ውስጥ፣ ቅዳሜና እሑድ ቀን ደግሞ ሠርግ ላይ። ገንዘቡ ክፉ አልነበረም። የባንዱን ልጆችም እወዳቸዋለሁ። ይሁን እንጂ ከጊዜ በኋላ ጊታሬን አንግቤ ከቤት ስወጣ ሲሚንቶ የተሸከምኩ ያህል ይከብደኝ ጀመር።

ነገሩ የመጣው በላፕቶፕ ነው። አለቃችን ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ወጪ በዛ ብሎ ትራምፔትና ሳክስፎን የሚነፉትን ልጆች ቀነሰና ድምፃቸውን በትራክ፣ ማለትም አስቀድሞ ተቀርፆ ከላፕቶፕ በሚለቀቅ ሙዚቃ፣ ተካው። ቀጥሎ “ለሠርግ ሞላ ይበል” ተባለና ቤዙም ትራኩ ውስጥ ገባ። እኔ እንግዲህ ላፕቶፑ የሚመታውን ቤዝ ደግሜ እመታለሁ። አንድ ማታ የአምፑን፣ የጊታሬን ማጉያ፣ ድምፅ ጨርሼ ዘጋሁትና ጣቴን ብቻ አንቀሳቀስኩ። ሕዝቡ ጨፈረ። ድምፃዊቷ ዞር ብላ እንኳ አላየችም። ድራመሩ ብቻ ገብቶት በስቲኩ ወደ አምፑ ጠቆመኝ። እሱም ጆሮው ላይ ሄድፎን ደፍቶ ከትራኩ ጋር እንዲሄድ ምት የሚቆጥርለትን የክሊክ ድምፅ እየተከተለ ስለሚመታ የኔን ነገር ያውቀዋል።

አለቃችንን ለመውቀስ ግን አልቸኩልም። አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ሠርግ ሙሉ በርካሽ በሚሠራበት ከተማ ባንድ ይዞ መቆየት ቀላል አይደለም። ደንበኛውም ዘፈኑን ልክ እንደ ክሊፑ ይፈልገዋል። ቤዙን ብቻ ከትራኩ አውጣልኝ ብዬ ጠይቄው ለጥቂት ጊዜ ሞክሮልኛል። ከዚያ አንድ ደንበኛ “ድምፁ ሳሳ” አለና ተመለስን።

ልቤ የቆረጠው አንድ ሠርግ ላይ ነው። ጭፈራው ጉራጊኛ ላይ ደርሷል፣ አዳራሹ ጦፏል። የሙሽራዋ አጎት ብር በእጃቸው ይዘው ወደ መድረክ ወጡ። ድምፃዊቷ ግንባሯን ሰጠቻቸው፣ ስማቸውን እየጠራች ማወደስ ጀመረች። ከኋላቸው ሌሎች ዘመዶች ተሰልፈዋል። ባንዱ ራሱ ቢጫወት እዚህ ላይ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ሰልፉ እስኪያልቅ ይዞራል። ትራኩ ግን አለቀ። ቀጥ! ሰውየው ሁለተኛውን ብር እንደያዙ ቀሩ። እኔና ድራመሩ ቶሎ ብለን ያዝነውና ጭፈራው ቀጠለ፤ ምናልባት ሦስት ደቂቃ ያህል እኛ ብቻ መታን። በዚያ ሁሉ ወር እውነተኛ ሙዚቃ የሠራሁት ያንን ሦስት ደቂቃ ነው። አለቃችን ከመድረክ ስንወርድ “ትራኩን አስረዝመዋለሁ” አለ።

ወዲያው አልለቀቅኩም። ድሮ ፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ትራምፔት ይነፉ የነበሩ አንድ ጋሼ አሉ፣ እሳቸው ጋ ሄድኩ። ሰምተው ሲያበቁ “የሰለቸህ ሙዚቃው ነው፣ ሌሊቱ ነው ወይስ ሰዎቹ?” አሉኝ። በደርግ ጊዜ በሰዓት እላፊው ምክንያት ክበቦች በራቸውን ዘግተው እስኪነጋ ይሠሩ ነበር። እሳቸው ያኔ ሙዚቃ የጠሉ መስሏቸው ነበር፤ ለካ የጠሉት እንቅልፍ ማጣቱን ነው። የቀን ሥራ ሲያገኙ ትራምፔቷን መልሰው ወደዷት። “ሌሊቱ ከሆነ አንድ ቀን አስቀንስ። ሰዎቹ ከሆኑ ተነጋገር። ሙዚቃው ከሆነ ግን የምታስተካክለው ነገር የለም” አሉ።

ምክራቸውን ሞከርኩት። ረቡዕን ለሌላ ቤዚስት ሰጥቼ አረፍኩ። ሐሙስ ስመለስ ያው ነኝ። ጓደኛ ቤት ሁለት ጊታርና አንድ ካኾን (የሳጥን ከበሮ) ይዘን ስንቀመጥ ግን ሌሊቱ ሲነጋም አይታወቀኝ። እንግዲህ ነገሩ ሙዚቃው ነው። የቤት ኪራዩን ደግሞ አሰላሁ። ጊታር የማስተምራቸው ተማሪዎች ገቢ ኪራዩን ሲሸፍን ብቻ እንደምናገር ለራሴ ነገርኩት፤ እስኪሸፍን ድረስ አፌን ዘጋሁ።

እኛ አገር ከባንድ የመልቀቂያው የታወቀ መንገድ ለኮንሰርት ውጭ ሄዶ መቅረት ነው። እየቀለድኩ አይደለም። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሲሄድ ከፊሉ ተመለሰ፣ ከፊሉ ቀረ። ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፣ ኪቦርዱን ከታክሲው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይዞ፣ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። ከዓመታት በኋላ የድሮ ሥራው በድጋሚ ታትሞ መድረክ ላይ ተመለሰ። እኔ ቪዛም የለኝ፣ ስለዚህ ፊት ለፊት መናገር ግድ ነበር።

መቼ የሚለው ነው ያስቸገረኝ። በሕጉ ከሄድን አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይስጥ ይላል። እኛ ግን የሆቴሉ ሠራተኞች አይደለንም። ሆቴሉ የተዋዋለው ከአለቃችን ጋር ነው፣ እኛና አለቃችን መሃል ደግሞ ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ያለው ቀብድ ነው። ከጥምቀት በኋላ ላሉት የጥር ሠርጎች በባንዱ ስም ቀብድ ተበልቷል። ጥር ላይ ቤዝ ተጫዋች ቢሄድበት ሰው የት ያገኛል? ሁሉም ተይዟል።

ስለዚህ በነቢያት ጾም፣ ሠርግ በሌለበት፣ ነገርኩት። ከሥራ በኋላ አይደለም፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ሁሉም ደክሞት፣ ግማሹ ቀምሶ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ጠብ ነው የሚሆነው። ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማኪያቶ ጋበዝኩት።

“አለቃ፣ ልለቅ ነው። ጥርን ሠርቼ፣ ቅበላ ላይ።”

“የት ልትገባ?”

“የትም።”

“አትዋሸኝ። ማነው የወሰደህ?”

“ማንም። እቤት ነኝ፣ አስተምራለሁ።”

ዝም አለ። ከዚያ ገንዘብ ጨመረልኝ። እውነቱን ለመናገር የጠራው ብር አፍ ያስከፍታል። ስለ ላፕቶፑ ግን አላነሳሁበትም። አንዴ ጠይቄዋለሁ፣ ሞክሯል፣ አልሆነም። አሁን ደግሜ ባነሳው ክርክር ውስጥ ገብተን መልቀቄ ድርድር ይመስል ነበር። “ብሩ አይደለም፣ ልቤ ወጥቷል” ብቻ አልኩት። ማኪያቶውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። ማታ ስንገናኝ ግን የዕለቱን ዘፈን ዝርዝር እንደወትሮው ሰጠኝ። ለቀሩት ልጆች ራሱ ይንገራቸው ብዬ ተውኩለት፣ ነገራቸውም።

ጥርን በደንብ ሠራሁ። ተተኪው ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጣ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ኖታ ያነባል። የኛ ባንድ ግን አንድም ኖታ የለውም! ሁሉም ጭንቅላት ውስጥ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩለት። የትኛው ዘፈን በየትኛው ቶን እንደሚሠራ። ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ስንሻገር ድራመሩ አንድ ሮል እንደሚያስቀድም። ድምፃዊቷ ጉንፋን ሲይዛት ጣቷን ወደ መሬት እንደምትጠቁም፣ ያኔ ሁሉም ቶኑን በግማሽ ድምፅ ዝቅ እንደሚያደርግ። ይህቺን የመጨረሻዋን ማንም አስተምሮኝ አያውቅም፤ መድረክ ላይ ተሳስቼ ነው የለመድኳት። ልጁ ከኋላዬ ቆሞ ጥቂት ሠርጎች አየ፣ ከዚያ እኔ ከኋላው ቆምኩ። የሚገርመው ትራኩ አላስጨነቀውም። ከትራክ ጋር ነው ያደገው፣ ደስ ብሎት ይመታል። የኔ ችግር የሁሉም ችግር እንዳልሆነ ያየሁት ያኔ ነው።

የቀረው ሚክሰሩ፣ የመሣሪያዎቹን ድምፅ የሚያመጣጥነው ዕቃ፣ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት አዋጥተን የገዛነው ነው፤ ማን ስንት እንዳዋጣ ግን አልተጻፈም። እኔ የማስታውሰው ሌላ፣ አለቃ የሚያስታውሰው ሌላ። መልቀቄን የተቀበለ ሰው እዚህ ላይ ድምፁን ከፍ አደረገ። በመጨረሻ ድራመሩ መሃል ገብቶ ሁለታችንም ያልወደድነውን ዋጋ ቆረጠልን፣ ተስማማን። ድርሻዬን ከፋፍሎ ከፈለኝ፣ የመጨረሻው ከፋሲካ በኋላ ገባ። አሁን ሐሙስ ሐሙስ አብረውኝ ከሚጫወቱት ልጆች ጋር ኬብል ስንገዛ እንኳ ማን ምን እንዳወጣ ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። ሂሳብ ሹም ብለው ሰይመውኛል።